ጎመን በስደት፦ ስለ ጓሮ አትክልት ታሪክ ጥቂት ሐሳቦች

የኢትዮጵያ የግብርና ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው የእርሻ ታሪክ ሆኖ ነው። በሬና ሞፈር፣ ርስትና ጉልት፣ ገባርና ባለጉልት ብዙ ሊቃውንት ደክመው የመረመሯቸው ጉዳዮች ናቸው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት የኢኮኖሚ ታሪክና ጄምስ ማካን በ1995 ስለ ሞፈሩ ሕዝብ ያወጡት መጽሐፍ የዚህ ድካም ዐበይት ፍሬዎች ናቸው። ከቤት ጀርባ ባለችው፣ አመድና ፍግ በሚደፋባት ጥቂት ክንድ መሬት ላይ የሚበቅለው ጎመን፣ ዱባ፣ ጌሾና ጤናዳም ግን በታሪክ ጸሐፊዎቻችን ዘንድ ተገቢውን ስፍራ አግኝቷል ለማለት አይቻልም። ዶክተር ዘመደ አስፋውን የመሳሰሉ የዕፀዋት ሊቃውንት ስለ ጓሮ አትክልት ሰፊ ጥናት አድርገዋል፤ የታሪክ ሰዎች ግን ፈለጋቸውን ተከትለን ብዙ አልሄድንም።

ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያስገደደን የምንኖርበት አካባቢ ነው። ማሪዬታ በጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንታ መሐል ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በየዓመቱ መጋቢት ሲጋመስ ወገኖቻችን በየቤታቸው ጀርባና ነዋሪዎች መደብ መደብ እየተከፋፈሉ በሚያለሟቸው የጋራ አትክልት ቦታዎች መሬት ሲቆፍሩ ይታያሉ። ድንች፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ በሶብላ ይተክላሉ፤ ከሁሉም በፊት የሚተከለው ግን ጎመን ነው። የሚተክሉት ሁሉ «ጎመን» ይሉታል። አብዛኛው ግን በአገር ቤት በዚህ ስም የምናውቀው ተክል አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሻው አንድ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ጓሮ ለብዙ መቶ ዓመታት ከውጭ የመጡ ተክሎችን ሲቀበል ኖሯል። እንግዳው በነባሩ ስም እየተጠራ፣ ነባሩም ስፍራውን ሳይለቅ አብረው ኖረዋል። በስደት ላይ የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ስሙ ቀርቶ ተክሉ እየሄደ ነው። ይህ ለውጥ የምግብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚታለፍ አይደለም።

1. ጓሮው ለምን ተዘነጋ?

ጓሮው ከታሪክ መዝገብ የጠፋበት የመጀመሪያው ምክንያት የግብሩ ባሕርይ ነው። ዜና መዋዕሎቻችን ዘመቻን፣ ሹመትንና ሽረትን ይተርካሉ፤ የመሬትና የግብር ሰነዶቻችን ደግሞ እህልን፣ ማርን፣ ከብትንና አሞሌን ይቆጥራሉ። እህል በቁና ይሰፈራል፣ በአህያ ይጫናል፣ በጎተራ ይከተታል። ጎመን ግን ከተቀነጠሰ በማግስቱ ይጠወልጋል፤ ሊሰፈርም፣ ሊከማችም፣ ወደ ሹሙ ግምጃ ቤት ሊላክም አይመችም። ለግብር የማይመች ነገር ደግሞ ወደ መዝገብ የሚገባበት መንገድ ጠባብ ነው። ስለዚህ የጓሮው ዝምታ የጓሮውን አነስተኛነት አያመለክትም፤ የሚያመለክተው መዝገቡን የያዘው ክፍል ዓይኑን የጣለበትን ቦታ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጓሮው የሴቶች ክልል መሆኑ ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ ሞፈር የሚጨብጠው ወንዱ ነው። ዘሩን በጨርቅ ቋጥራ በጭስ አጠገብ የምታኖረው፣ ችግኙን የምታፈላው፣ የቱን ቅጠል ቀንጥሳ የቱን ለዘር እንደምትተው የምታውቀው ግን ሴቲቱ ናት። ይህ እውቀት ከእናት ወደ ልጅ በቃልና በእጅ ሲተላለፍ ኖረ እንጂ በብራና አልሰፈረም።

ሦስተኛው ጎመን የችግር ጊዜ ምግብ መሆኑ ነው። በክረምት አጋማሽ ያለፈው ዓመት እህል ይጎድላል፣ አዲሱ ገና አልደረሰም፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ቤተሰቡን የሚያሻግረው ፈጥኖ የሚደርሰው ጎመን ነበር። በመስከረም መግቢያ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» መባሉ የዚህ ኑሮ ምስክር ነው። ሕዝቡ ለጎመን ያለው ስሜት ሁለት ዓይነት ነው። በአንድ በኩል ምንቸቱን ያስወጣዋል፤ በሌላ በኩል «ጎመን በጤና» እያለ ሰላም ያለበትን ድህነት ከስጋት ጋር ከሚመጣ ጮማ ያስበልጣል። የአገራችን የረኀብ ታሪክ በሚገባ እንዲጻፍ ከተፈለገ ሰው በምን ሞተ ከሚለው ጥያቄ ጎን ለጎን በምን ተረፈ የሚለውም መጠየቅ አለበት። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከፊሉ በጓሮው ውስጥ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስገንዘብ ይገባል። የተናገርነው በተለይ ስለ ሞፈሩ አገር ነው። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦና በሌሎችም የእንሰት አገሮች ጓሮው ራሱ የኑሮው ምሰሶ ነው። እንሰቱ በቤቱ ዙሪያ በፍግ እየዳበረ ይኖራል፤ ጎመኑም በጥላው ሥር ይበቅላል። ታሪካችን ከሞፈሩ ብቻ ሲነሣ የእነዚህን ሕዝቦች ሥልጣኔ ከዳር ያስቀረው በዚህ የተነሣ ጭምር ነው።

2. እንግዳ ተቀባዩ ጓሮ

አዲስ ተክል ወደ አገር ሲገባ በመጀመሪያ የሚሞከረው በእርሻው መካከል አይደለም። ገበሬ የዓመት ቀለቡን ባልተፈተነ ዘር ላይ አይጥልም። እንግዳው ተክል ለዓይን ቅርብ በሆነ፣ ቢጠፋ በማይጎዳ ቁራሽ መሬት ይሞከራል፤ ያም ጓሮው ነው። የዚህ ሂደት ታሪክ በጽሑፍ ባይገኝም በቋንቋችን ውስጥ ተቀምጧል።

በርበሬን እንውሰድ። ዛሬ ያለ እርሱ የአበሻን ወጥ ማሰብ ያዳግታል፤ ነገር ግን ተክሉ የአሜሪካ አህጉር ተወላጅ በመሆኑ ከኮሎምቦስ ጉዞ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት በአገራችን ሊኖር አይችልም። በንግድ ከሩቅ ይመጣ የነበረውን የጥንቱን ቅመም ዛሬ ቁንዶ በርበሬ ብለን እንለየዋለን፤ «በርበሬ» የሚለውን ስም ያለ ቅጽል የያዘው ግን ኋላ የመጣው ነው።

ድንችም እንዲሁ ነው። በተለምዶ እንደሚጻፈው ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር ነው። ሺምፐር በ1837 መጥቶ፣ በትግራይ ሚስት አግብቶና ልጆች ወልዶ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በአገራችን የኖረ ሰው ነበር። ተክሉ በሰፊው የተሠራጨው ግን ክፉ ቀን ተብሎ በሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 በቆየው ረኀብ ምክንያት ነው። በሬው በከብት በሽታ ባለቀበት ዘመን ያለ በሬ፣ በዶማ ብቻ ሊለማ የሚችል ምግብ ዋጋው ምን ያህል እንደነበረ መገመት አያስቸግርም። ስሙን በተመለከተ፣ በደቡብና በምዕራብ ከጥንት ጀምሮ የሚተከል ሌላ ሥራሥር አለ፤ ዛሬ «የኦሮሞ ድንች» ወይም «የወላይታ ድንች» ይባላል። እንግዳው ስሙን ወሰደ፤ ነባሩም የአገሩን ስም በፊቱ አስቀድሞ ቀጠለ።

ከአውሮፓ የመጡት የጎመን ዓይነቶች ደግሞ «ጥቅል ጎመን» እና «አበባ ጎመን» ተባሉ። ነባሩም ከእነርሱ ሲለይ «የአበሻ ጎመን» ተባለ። ይህ ስያሜ የሚያሳየው ሕዝቡ እንግዳውን ዘመድ አድርጎ መቀበሉን፣ ነገር ግን ከባለቤቱ ጋር አለማደባለቁን ነው። ቅጽሏ ትንሽ ቃል ብትሆንም የድንበር ምልክት ሆና አገልግላለች።

3. ጎመንና ዘመዶቹ

ሕዝቡ በስም የመሰከረውን ዝምድና ሳይንስ በኋላ አረጋግጦታል። እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ አገራችንን ከዓለም የሰብል ዝርያ መነሻዎች አንዷ አድርጎ መዝግቧታል። በ1935 ደግሞ ናጋሃሩ ኡ የተባለው ተመራማሪ በጃፓን ባሳተመው ጥናት የጎመን ወገኖችን የዘር ትስስር ገለጸ። በዚህ ጥናት መሠረት ሳይንስ ብራሲካ ካሪናታ ብሎ የሚጠራው የአበሻ ጎመን ከሁለት ወላጆች የተገኘ ነው። አንደኛው ጥቁር ሰናፍጭ ነው። ሁለተኛው ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና በአሜሪካ ደቡብ ኮላርድ የሚባለው ቅጠል የሚመደቡበት ወገን ነው። የአበሻ ጎመን የሁለቱንም ወላጆች የዘር ቅንጣት ሙሉ በሙሉ ይዟል።

እንግዲህ በማሪዬታ ገበያ የሚገዛው ኮላርድ ለአበሻ ጎመን ባዕድ አይደለም፤ በአንድ ወላጁ በኩል የሥጋ ዘመዱ ነው። ስደተኛው ኢትዮጵያዊ ኮላርዱን አይቶ ጎመን ቢለው አልተሳሳተም። ልዩነታቸው ግን ቀላል አይደለም። ኮላርድ ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ለመብሰልም ጊዜ ይፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክረምቱን በብርድ ሳያልፍ አያብብም፤ ዘሩ የሚገኘው በሁለተኛው ዓመት ነው። የአበሻ ጎመን ግን በዚያው ዓመት አብቦ ዘር ይሰጣል። በስደት ኮላርድ የሚተክል ሰው ችግኙን ወይም ዘሩን በየዓመቱ ከመደብር ይገዛል፤ ዘር መልቀምና ማኖር የሚባለው ሥራ ከእጁ ይወጣል። ከሥራው ጋርም ሥራውን የያዘው እውቀት ይሄዳል።

4. የማሪዬታ አፈር

ጓሮ ታሪክ አለው ካልን የማሪዬታም አፈር ታሪክ አለው። ማሪዬታ የምትገኝበት ኮብ ካውንቲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1832 ከቼሮኪ ሕዝብ መሬት ተቆርሶ ነው። መሬቱ በዚያው ዓመት በዕጣ ለነጮች ታደለ፤ ቼሮኪዎቹም በ1838 በወታደር ተገደው ወደ ምዕራብ ተጋዙ፤ ብዙዎችም በመንገድ ሞቱ። ቼሮኪዎች በቆሎና ባቄላ ብቻ ሳይሆን የኮክ ዛፍም ያለሙ ነበር። ዛሬ ጆርጂያ የምትኮራበት ኮክ የተገኘው ከቻይና ነው፤ ወደ አሜሪካ ያስገቡት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስፓኞች ናቸው፤ ዝናው በገበያ የገነነው ደግሞ በ1870ዎቹ በማርሻልቪል ኤልበርታ የተባለው ዓይነት ከወጣ በኋላ ነው። እኛ ስደተኞች የምንቆፍረው መሬት ከእኛ በፊት ሌላ ሕዝብ የተሰደደበት መሆኑን ማወቅ ለታሪክ ሰው ግዴታው ነው።

ኮላርዱም የራሱ ታሪክ አለው። ተክሉ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ የደቡብ ምግብ ያደረጉት ግን በባርነት የተያዙት አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ናቸው። በጆርጂያና በደቡብ ካሮላይና የባሕር ዳርቻ በነበረው አሠራር ባሪያው የቀን ድርሻውን ከፈጸመ በኋላ የራሱን ትንሽ መደብ እንዲያለማ ይፈቀድለት ነበር። ጁዲት ካርኒ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሪቻርድ ሮሶሞፍ ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ እነዚህ ቁራሽ መሬቶች የአፍሪካ ተክሎችና የአመጋገብ ልማዶች ከጥፋት የተረፉባቸው ቦታዎች ናቸው። የጌታው መዝገብ ጥጥና ሩዝ ይቆጥራል፤ የባሪያው መደብ ግን በመዝገቡ ላይ እምብዛም አይታይም። በኢትዮጵያ ደጋ ካየነው ዝምታ ጋር መመሳሰሉ የሚያስገርም አይደለም። በሁለቱም አገር መዝገብ ያልያዘው መሬት ሰውን አትርፏል።

ስለ ወቅቱም ጥቂት እንበል። በባሕረ ሐሳብ ዘመነ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ኤፕሪል 4 መሆኑ ነው። በማሪዬታም የመጨረሻው ውርጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በዚያው ሰሞን ነው። የደቡብ ገበሬዎች ከስቅለት በፊት ለብርድ የሚሳሳ ተክል መሬት አይነካም የሚል ልማድ አላቸው፤ የእኛም ሰው ይህን ሲሰማ ባዕድ አይሆንበትም። ጎመንና ድንች ብርድ ስለሚችሉ ቀደም ብለው ይገባሉ፤ ቲማቲም፣ ቃሪያና ባሚያ ውርጩ እስኪያልፍ ይቆያሉ። አፈሩ ቀይ ሸክላ፣ በባሕርይውም ኮምጣጣ ነው፤ ኖራና ብስባሽ ካልተጨመረበት አትክልት በደንብ አያበቅልም። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኤክስቴንሽን በየካውንቲው ለሚኖር ሰው በጥቂት ክፍያ አፈሩን መርምሮ ምን ያህል ኖራ እንደሚያሻው ይነግራል። ችግሩ የጸደዩ ማጠር ነው። ጎመን ቀዝቃዛ አየር ይወዳል፤ በአገር ቤት የክረምቱ ደመና ያንን ይሰጠዋል። እዚህ ግን ሰኔ ሲደርስ ሙቀቱ ይበረታበታል፤ የአበሻ ጎመንም ቅጠል ሳያበዛ ወደ አበባ ይቸኩላል። ስለዚህ በማሪዬታ ሁለት ጊዜ፣ በየካቲት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ መዝራት ይሻላል።

5. የጎመን ዘር ወዴት ሄደ?

በአገር ቤት የጎመን ዘር ከቅጠሉ ያላነሰ ጥቅም ነበረው። ዘሩ ተወቅጦ የሚወጣው ቅባት ምጣድ ያሰስበታል፤ እንጀራው ሳይያዝ የሚነሣው በእርሱ ነው። ስደት ይህን ሥራ ከዘሩ ነጥቆታል፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ገጽ የማይጣበቅ ሆኖ ተሠርቷልና። የጎመን ዘር ቅባት ዋጋ ግን በሌሎች ዘንድ አልተዘነጋም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2012 በካናዳ አንድ ጄት አውሮፕላን ከሌላ ነዳጅ ጋር ሳይደባለቅ፣ ከብራሲካ ካሪናታ ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ በረረ። በ2017 የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ለሚካሄድ የጥናት ኅብረት ገንዘብ መደበ፤ ዓላማውም ይህን ተክል ጆርጂያን ጨምሮ በደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች በብርዱ ወራት ለአውሮፕላን ነዳጅ ማልማት ነበር። በጆርጂያ ደቡብ በኅዳር ተዘርቶ በግንቦትና በሰኔ ሊታጨድ እንደሚችልም ታይቷል።

ነገሩን በአንድነት ስናየው እንዲህ ነው፤ በአንድ ግዛት ውስጥ የእናቶቻችን የጎመን ዘር በእርሻ ማሳ ለነዳጅ ሲሞከር፣ የእናቶቻችን ልጆች ደግሞ ስሙን ለዘመዱ ሰጥተው ዘሩን ረስተውታል። የተክሉን ጥናት አንነቅፍም፤ ተክል ድንበር ተሻግሮ መጥቀሙ የሰው ልጅ ታሪክ ነው፤ እኛም በርበሬንና ድንችን የተቀበልነው በዚሁ መንገድ ነው። አሳሳቢው ዘር ከስሙና ከአልሚው ሕዝብ ሲለያይ ባለቤትነቱን ለማስረዳት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። በጤፍ የደረሰው ትምህርት ሊሆነን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት ሰጠ። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ በኔዘርላንድስ እስኪሽረው ድረስ አሥር ዓመት አልፏል።

በአገር ቤት ይህን አደጋ አስቀድመው ያዩ ሰዎች ነበሩ። የዕፀዋት ዘር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅ፣ በማሳውና በጓሮው መጠበቅ እንዳለበት አስተምረው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ኢትዮጵያም የዘርንና የማኅበረሰብን እውቀት መብት የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 482ን በ2006 አውጥታለች። አዋጁ የሚሠራው ግን እውቀቱን የሚመሰክር ሕዝብ ሲኖር ነው።

6. መደምደሚያ

ከዚህ የምንደርስበት ፍርድ ኮላርድ አይተከል የሚል አይደለም። ኮላርድ የጥቁር አሜሪካውያን ወንድሞቻችን ቅርስ ነው፤ በዐቢይ ጾም ማዕዳችንን ሞልቶ ይገኛል፤ ልናመሰግነው ይገባል። ይልቁን የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ቋንቋ ያደረገውን እናድርግ፤ እንግዳውን እንቀበል፣ ነባሩንም ከነቅጽሉ እናኑር። ኮላርዱ የአሜሪካ ጎመን ቢባል፣ በአጠገቡ ባለ አንድ መስመር ላይ ደግሞ የአበሻ ጎመን ቢተከል ሁለቱም ይኖራሉ።

ይህ እንዲሆን ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ በየከተማው ያሉ የኮሙኒቲ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት ካላቸው ይዞታ ጥቂት መደብ ለዘር ማቆያ ቢለዩ፣ ዘሩም በየዓመቱ ለአባላት ቢታደል፣ ወጪው ቀላል ነው። ሁለተኛ፣ ዘሩ በሕጋዊ መንገድ ይገኝ። በሻንጣ ተደብቆ የሚመጣ ዘር በሽታና ተባይ ሊያመጣ ስለሚችል ያለ ጤና ማረጋገጫ ማስገባት ክልክል ነው፤ በአንጻሩ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የዘር ስብስብ የአበሻ ጎመን ዝርያዎችን ይዟል፤ በየዩኒቨርሲቲው የምናስተምር ሰዎች ለምርምር ልንጠይቃቸው እንችላለን። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ከአገር ቤት ጓሮ እውቀታቸውን ይዘው የመጡ እናቶች ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን ገፍቷል። የቱ ጎመን ለቅጠል፣ የቱ ለዘር እንደሚተው፣ ዘሩ በምን እንደሚቀመጥ፣ እያንዳንዱ ዓይነት በጎጃም፣ በሸዋ፣ በወሎ፣ በጉራጌ ምን ተብሎ እንደሚጠራ በድምፅና በጽሑፍ ሊመዘገብ ይገባል። ለነገሥታቱ ታሪክ ጸሐፊ አልጠፋም፤ የጓሮው ታሪክ ግን የሚጻፈው እነዚህ እናቶች ሳያልፉ እኛ ብዕርና ወረቀት ይዘን አጠገባቸው ከተቀመጥን ብቻ ነው።